እማዬ ያልሞተችባት ደሴት

የመስኮቱን መዝጊያ፣ ሮላደኑን፣ እስከ ታች አውርጄዋለሁ፣ ግን አንዲት የብርሃን ክር ከሥር ሾልካ ገብታ ወለሉ ላይ ተጋድማለች። ረፋድ ነው። እዚህ ፍራንክፈርት፣ ዞሰንሃይም ሰፈር ያለ ጤነኛ ሰው ሁሉ ሥራ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ኒደርራድ የቢሮ ሕንፃ ስጠብቅ አድሬ የመጣሁ ስለሆንኩ አሁን መተኛት ነበረብኝ፣ አልተኛሁም፣ በቅጡ ካልተኛሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ አሥራ አራት ደቂቃ፣ አሥራ ሦስት ከሃምሳ፣ ቦታዎ ተይዞልዎታል ይለኛል በጀርመንኛ፣ በዚህ ሳምንት እንዲህ ባለ አክብሮት ያናገረኝ ሰው የለም፣ ከፍራንክፈርት ሃን ወደ ማልታ፣ አርብ ማታ፣ አንድ ሰው፣ ሻንጣ የሌለው፣ ዘጠና ስድስት ዩሮ። እሁድ ዕለት ሰባ ዘጠኝ ነበር፣ ትናንት ሰማንያ ስምንት፣ ባየሁት ቁጥር ይጨምራል፣ እንደቸገረኝ ያውቃል መሰለኝ። ኪሮስ ብዬ ስሜን ሞልቻለሁ፣ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም በሚለው ላይ፣ የልደት ቀኔን፣ የፓስፖርት ቁጥሬን፣ የቀረኝ አንድ ቢጫ ቁልፍ መንካት ብቻ ነው፣ እሱን ነው ጣቴ እንቢ ያለው። ማልታ ያለችው ታናሽ እህቴ አርሴማ ናት። እናታችን ከሞተች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ አርሴማ አልሰማችም፣ ሄጄ የምነግራት እኔ ነኝ።

ጋሼ ሳህሉ የደወሉልኝ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው፣ የእማዬ ወንድም ናቸው፣ በዚያ ሰዓት ደውለው አያውቁም፣ ስልኩን ሳነሳ ገና ውስጤ አውቆታል፣ ኪሮስ፣ ቁጭ ብለሃል? ይላሉ፣ ቁጭ ብያለሁ ጋሼ እላለሁ ቆሜ፣ አጠገቤ ውሻ የያዘች ሴትዮ አለች፣ ውሻው ጫማዬን ያሸታል፣ የሺወርቅ አረፈች ይላሉ። ከዚያ ብዙ ተናገሩ። "ወንድ ልጅ ነህ ብዬ ለአንተ በስልክ ነገርኩህ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አጠገብህ ሆኖ የሚነግርህ ሰው ከየት ላምጣ? ለአርሴማ ግን በስልክ አይሆንም። አንተ ጠንካራ ነህ፣ እሷ ለብቻዋ አትችለውም። ሄደህ፣ አጠገቧ ሆነህ፣ በጠዋት ንገራት። እስከሚቀጥለው ሳምንት እሁድ የሰዉን አፍ እይዛለሁ፣ ከእሁድ በኋላ ግን የዘንድሮን ልጆችና ስልካቸውን አልችላቸውም።" እሺ ጋሼ አልኩ። ደሴ ላይ ሴቶች ከኋላቸው ይጮኻሉ፣ ይሰማኛል፣ እኔ ግን አልጮህኩም፣ ሴትዮዋ ውሻዋን ወደ ራሷ ሳበችው፣ አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርኩ፣ ሰፈሬ ስደርስ ወረድኩ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በምሽትም አይነገርም፣ የሰማው ሰው ሌሊቱን ምን ይሁን? ጎህ ሲቀድ ነው፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተጠራርቶ ይመጣል፣ አንዱ ደጅ ላይ ያስላል፣ በሩ ይንኳኳል፣ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ተነስቶ ሲከፍት ያን ሁሉ ፊት ያያል፣ ያን ጊዜውኑ ያውቀዋል፣ ቢሆንም ይነግሩታል፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነው የሚነግሩት፣ እንዳይወድቅ። አባዬ የሞተ ጊዜ አርሴማን የያዛት የለም። ስድስት ዓመት ሆነው፣ ያኔም እንደዛሬው ሄደህ ንገራት ተብዬ ነበር፣ ያኔም እንደዛሬው ቲኬት አይ ነበር፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዩሮ፣ ትንሽ ልጠብቅ ዋጋው ይወርዳል አልኩ፣ ደግሞም ወረደ፣ ማክሰኞ ዕለት ወረደ፣ ሰኞ ዕለት አንድ የአክስታችን ልጅ የአባዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። አርሴማ የምትሠራበት ሆቴል ደረጃ ላይ አንሶላ ታቅፋ ስትወርድ ስልኳን አየችው። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም። አማርኛ የማታውቅ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ናት ወለሉ ላይ አቅፋት የተቀመጠችው፣ ምን እንደሆነች እንኳ ሳታውቅ። በኋላ ስደውልላት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም፣ "ሥራ በዝቶብህ ነው" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ተማርኩ፣ ዘንድሮ የአውሮፓን ሰማይ እንደ ሰፈሬ መንገድ አውቀዋለሁ፣ ከትልቁ አየር ማረፊያ በቀጥታ ሁለት መቶ አርባ፣ ሮም ላይ ቀይሮ መቶ ሰባ፣ ግን ሮም ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ አለ፣ ከቤርጋሞ ሃምሳ ስምንት፣ ግን ቤርጋሞ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ፣ በባቡር እስከ ሲሲሊ ሄዶ ከዚያ በመርከብ መሻገርም አለ፣ ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ፣ ለመናገሩ አንድ ደቂቃ። ሃን ደግሞ አለ፣ ስሙ ፍራንክፈርት ሃን ነው፣ እንጂ ከፍራንክፈርት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ደብረ ብርሃንን አዲስ አበባ ብሎ እንደመጥራት ነው። የመጣሁ ሰሞን ርካሽ ቲኬት አገኘሁ ብዬ ትልቁ አየር ማረፊያ ሄጄ በረራዬን ሰሌዳው ላይ ስፈልግ ስፈልግ፣ አውሮፕላኔ ከሃን ተነስቶ ሄዷል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። አሁን አልሳሳትም። ያለ ክፍያ የሚገባው ቦርሳ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ብቻ ነው ስለሚሉ ቦርሳዬን በማስመሪያ ለክቼዋለሁ፣ ለእሷ አንድ ጥቁር ሹራብና አንድ ነጠላ ከትቼበታለሁ፣ ለእኔ አንድ ጥቁር ሸሚዝ፣ ዚፑ ይዘጋል። ሁሉም ተዘጋጅቷል፣ ከጣቴ በቀር።

ፈቃዱም ሌላ ጣጣ ነው። የዓመት ፈቃዴን፣ ኡርላውቤን፣ በሐምሌ ጨርሼዋለሁ፣ ወላጅ ለሞተበት ሰው ግን ዞንደርኡርላውብ የሚባል የሁለት ቀን ፈቃድ አለ፣ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፣ እናቴ ሞታለች ማለት፣ ማይነ ሙተር ኢስት ገሽቶርበን፣ በአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ብቻዬን ስዞር ተለማምጄዋለሁ፣ ማይነ ሙተር ድረስ እሄዳለሁ፣ ከዚያ አልፎ አይወጣልኝም። ሰኞ ዕለት ቢሮው ገብቼ ቆምኩ፣ ምን ነበር ኸር ኪሮስ አለኝ፣ ለአርብ የጥርስ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አለኝ አልኩት። የጥርስ ሐኪም አርብ ሌሊት ይሠራል ወይ አለኝ። አይሠራም አልኩና ወጣሁ።

እዚህ ላሉት ሐበሾችም አልነገርኩም። ብነግራቸው ያን ዕለት ማታ ቤቴ ይሞላል፣ ሙሾ ይወርዳል፣ አንዱ ለአንዱ ይደውላል፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ማልታ ይገባል፣ ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፣ ጢሜን በየቀኑ እላጫለሁ፣ ቀለም ያለው ሸሚዝ እለብሳለሁ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ሰላም ነው አልኩ፣ ሳቅሁም። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ የሚጠጡት ጋ ስደርስ ወሬያቸውን ቆረጡ፣ የአዳራሹን ኪራይ መዋጮ ስላልከፈልኩ እያሙኝ ነው ብዬ ተቀይሜ ወጣሁ። እትዬ ተናኘ ብቻ ናቸው ተከትለውኝ የወጡት፣ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው ቤታቸው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ እናት ሆነዋል፣ እጄን ይዘው አይለቁኝም፣ ከሳህ ልጄ ይላሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነህ ወይ ይላሉ፣ ምነው እላለሁ፣ እንዲያው ነው ይላሉ። ማክሰኞ ሾርባ አምጥተው እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። ለእኚህ ሴትዮ መዋሸት ይከብዳል፣ እናትህ እንዴት ናት ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ስፈራ ደግነቱ አልጠየቁኝም።

ዘጠኝ ደቂቃ ይላል አሁን።

እውነቱን ልናገር፣ ማንም አይሰማኝም። ዋጋው አይደለም። ዘጠና ስድስት ዩሮ አለኝ፣ ሁለት መቶ አርባውም ከዚህም ከዚያም ብዬ አይጠፋኝም፣ ፈቃዱም ዓረፍተ ነገሩን ጨክኜ ብጨርሰው ይገኛል። እማዬ ደሴ ላይ ሞታለች፣ ቀብረዋታል፣ ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ ለእድሩ ተመልሷል። እዚህም እኔ ቤት ውስጥ ሞታለች፣ ፎቶዋን ማየት አልቻልኩም፣ ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። ማልታ ላይ ግን አልሞተችም። ማልታ ላይ ጉልበቷን ያማታል፣ መድኃኒቷን ዛሬም ረስታዋለች፣ አርሴማ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ቁጥር ሠላሳ ሰባት ለስላሳ ጫማ ትመርጥላታለች፣ እማዬ ያቺን ደሴት በካርታ ላይ አሳዩኝ ብትባል አታውቃትም፣ ቢሆንም እዚያ በሕይወት አለች፣ በዓለም ላይ የቀረቻት ቦታ ያቺው ብቻ ናት፣ እኔ ደግሞ ቦርሳ ለክቼ፣ ርካሽ ወንበር ፈልጌ፣ እዚያ ድረስ ሄጄ ልገድላት ነው። ቁልፉን ስነካው ያበቃል። ካልነካሁት ደግሞ እሁድ ይመጣል፣ ሻማው ይለጠፋል፣ አርሴማ እንደገና ደረጃ ላይ ናት። ወዲህ ብል ገደል፣ ወዲያ ብል ገደል። እኔ ነኝ እንግዲህ ጠንካራው።

ስልኩ ደረቴ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የአርሴማ ፎቶ መጥቶ ሰዓቱን ይሸፍነዋል።

"ኪሮስዬ፣ ቀሰቀስኩህ?"

"ኧረ አልተኛሁም። ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። በላህ?"

"በልቻለሁ።" ከኋላዋ የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይዞራል። "ድምፅሽ ምን ሆነ?" አልኳት።

"ጉንፋን ነው። ያንተስ ምን ሆነ?"

"እኔም ጉንፋን ነው።"

መስከረም ነው፣ ማልታ ላይ ሰው ገና ባሕር ውስጥ ነው የሚውለው።

"ስማ፣ ሃን ከቤትህ ሩቅ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"የቱ ሃን?"

"ፍራንክፈርት ሃን ነዋ! ቲኬት ቆርጫለሁ፣ አርብ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። በስድሳ ሁለት ዩሮ፣ አታምንም። ገና ባለፈው ሳምንት ነው ያገኘሁት፣ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ እሳት ነበር።"

"በደህና ነው? ምን ልትሠሪ?"

"ናፍቀኸኝ ነዋ። እህት ወንድሟን ለማየት ፈቃድ ትጠይቃለች? ለብቻህ ደግሞ አትችለውም።"

"ምኑን?"

ማሽኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረ። "ብቸኝነቱን" አለች።

"መጥቼ እቀበልሻለሁ።"

"አይሆንም!" ጮኸች ማለት ይቻላል፣ ከዚያ ድምፅዋን አለዘበች። "አትምጣብኝ። ማታ ላይ አንገናኝም። እኔ አንድ ቦታ ጋደም ብዬ በጠዋት እመጣለሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ። አንተ ብቻ ቤትህ ሁን፣ እሺ? ተኝተህ ጠብቀኝ።"

"እሺ።"

"ሃን ሩቅ ነው እንዴ ግን?"

"ቅርብ ነው" አልኳት። "ምንም አይልም።"

ተኝተህ ጠብቀኝ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ተኝተህ ጠብቀኝ ብሎ ያውቃል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ፣ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ፣ አርሴማ ስልክ ደውላ ከሰላምታው ቀጥሎ እማዬ ጋ ደወልክ ወይ ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም፣ በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት አራት ጊዜ ተደዋወልን፣ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፣ እኔም ተመስገን እያልኩ ዘጋሁ፣ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ለብቻህ አትችለውም። የጋሼ ሳህሉ ቃል ነው፣ እንዳለ የእሳቸው ቃል ነው፣ ለእሷም ደውለው አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ እሱ ለብቻው አይችለውም ብለዋታል፣ ምን ያድርጉ፣ ሁለታችንም እንዳንወድቅ አንዳችንን ለአንዳችን አሸከሙን። እሷም እንደኔ ድረ ገጹን ስትከፍት ስትዘጋ ከርማለች። እሷ ግን ቁልፉን ነካችው። ደግሞ አስበው፣ አርብ ማታ ሃን የሚያርፈው አውሮፕላን ነው ዞሮ ወደ ማልታ የሚመለሰው፣ እኔም ጨክኜ ነክቼው ቢሆን እሷ በጠባብ ኮሪደር ጥቁሬን ይዛ ስትገባ እኔ በወዲያኛው በር ጥቁሯን ይዤ እወጣ ነበር፣ እሷ በጠዋት በሬን ስታንኳኳ እኔ የእሷን አንኳኳለሁ። ሳቄ መጣ። ሳቄ እንደመጣ ትራሱን አፌ ላይ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ሳቅ አልነበረም። ማልታ ላይም ሞታለች፣ ከሞተች ሰንብታለች፣ የትም የለችም። አርሴማንም ዛሬም የያዛት ሰው አልነበረም።

ሰዓቱ ዜሮ ደርሷል። ጊዜዎ አልቋል፣ አዲስ ፍለጋ ይጀምሩ ይላል።

ለእትዬ ተናኘ ደወልኩ፣ እህቴ በማታ የማታውቀው ተራራ ላይ ያለ አየር ማረፊያ ወርዳ ወንበር ላይ ልታድር ነው፣ ዝም ብዬ አልቀመጥም። "እትዬ፣ አርሴማ አርብ ማታ ሃን ትገባለች፣ እኔ እንዳልመጣ ከልክላኛለች፣ ቦታው ደግሞ ሩቅ ነው፣ መኪና ያለው ሰው ቢኖር" አልኳቸው።

"ታክሲ ነጂው ሓረጎት ሄዶ ያመጣታል ልጄ፣ እኔ ጋ ነው የምታድረው፣ ከተነጋገርን እኮ..." አሉና ቆሙ። "ማለቴ፣ ደክሟት ስለምትመጣ ብዬ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።"

"አንተ ብቻ አርብ ሥራ እንዳትገባ።"

"አልገባም።"

"ከሾርባው ቀርቶሃል? ጨርሰው።"

እኔን አዳራሹ ውስጥ አላሙኝም፣ አርሴማ ቀድማ ነግራቸው ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እኔ ስደብቃቸው እነሱም ሲደብቁኝ፣ ሁላችንም ተላጭተን፣ ሁላችንም ስቀን፣ አንድ ሬሳ በመሐላችን አስቀምጠን ሻይ ጠጣን። አውቃለሁ ልላቸው እችል ነበር፣ እትዬ፣ አይልፉ፣ ሰምቻለሁ፣ ሓረጎት ነዳጁን አይፍጅ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔ ምን ሰማሁ? አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሜ ወሬ ሰማሁ። መርዶ አልተነገረኝም። ማንም ግራና ቀኝ ይዞ አልነገረኝም። እህቴ ባሕር ተሻግራ ልትነግረኝ እየመጣች ነው፣ ይኼን ከእጇ አልነጥቃትም።

ሐሙስ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ፣ ማይነ ሙተር አልኩ፣ ቀጥዬም ጨረስኩት። ተነስቶ እጄን ጨበጠኝ፣ በምድር ላይ ላለ ሰው ሁሉ ከመንገሬ በፊት ለእሱ ነገርኩት፣ ለአርብ እና ለቅዳሜ ሰጠኝ፣ ለመዝገቡ የሞት ማስረጃ ወረቀት በኋላ አምጣልኝ አለ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እሺ አልኩ። አርብ ቤቱን ጠረግሁ፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ፣ ከዚያ ሰው እንደሚጠብቅ ቤት ይመስላል ብዬ መለስኳቸው። ጥቁሩን ሸሚዝ ከቦርሳው አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት። የእማዬን ፎቶ ከግድግዳው ወደ እኔ መለስኩት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቤት፣ ፊት ለፊት። የሌሊት ልብሴን ለብሼ ተኛሁ፣ ተኝተህ ጠብቀኝ ብላለች፣ ይገርማል፣ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከዘጠኝ ቀን፣ ከአሥር ቀን፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ወሰደኝ።

የነቃሁት በሊፍቱ ድምፅ ነው። በሮላደኑ ሥር ያለችው ክር ገና ግራጫ ናት። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ጫማ አለ፣ ድምፅ ላለማሰማት በጥፍሩ የሚሄድ ብዙ ሰው፣ አንዲት ሴት ቀስ በሉ ትላለች፣ አንድ ሰው አሳለ፣ ሓረጎት መሆን አለበት። ጋደም እንዳልኩ ቆየሁ። በሩ ተንኳኳ። እንደገና ተንኳኳ። እንቅልፍ እንደከበደው ሰው ጊዜ ወስጄ ተነሳሁና እግሬ ቀዝቃዛው ወለል ላይ እያለ "ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ፣ ኪሮስዬ።"

ከፈትኩ። አርሴማ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ተከናንባለች፣ ከኋላዋ እትዬ ተናኘ፣ ሓረጎት፣ የአዳራሹ ሰዎች በሙሉ ኮሪደሩን ሞልተውታል፣ ሁሉም እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተዋል፣ እንዳልወድቅ። አርሴማ አፏን ከፈተች፣ እማዬ አለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃሉ አልወጣ አላት፣ ልትወድቅ ወደ እኔ ዘንበል አለች፣ ስድስት ዓመት ዘግይቼ እኔ ያዝኳት።